ባሕሩ የት ሄደ?

እንዴት ሰነበታችሁ ወዳጆቼ። ዛሬ እንግዳ የለም፣ ብቻዬን ነኝ። ከኋላዬ የባጃጅ ጥሩምባ ከሰማችሁ አትገረሙ፤ የምቀዳው ጎንደር፣ ፒያሳ አጠገብ ነው፣ መስኮቱን እንዳልዘጋው ደግሞ ሙቀቱ አላስቀመጠኝም።

ከኬንያ ከተመለስን ወዲህ ያገኘኝ ሁሉ «ሞምባሳ እንዴት ነበር?» ይለኛል። «ቆንጆ ነበር» ብዬ አልፋለሁ። ሰው ያን ሁሉ ብር አውጥቶ ሄዶ ሲያማርር ጉራ ይመስላል፤ የሚሰማውም «እኔ መቼ ሄጄ» ነው የሚለው። እዚህ ግን ጊዜ አለኝ፣ ዘርግፌ ላውራው። የሆቴሉን ስም አልጠራም።

የሄድነው በባለቤቴ እቁብ ነው። ዕጣው ሲወጣላት እኔ «ፍሪጁን እንቀይር» ብዬ ነበር። እሷ «ፍሪጁ ይሠራል፤ እኔ ግን ባሕር አላየሁም» አለችኝ። ለዚህ ምን መልስ አለው? እኔ ደግሞ እንደምታውቁት አስጎብኚ ነኝ። የሌላ አገር ሰው ስቀበልና ስሸኝ ኖሬ፣ ራሴ እንግዳ ሆኜ ሪዞርት ገብቼ አላውቅም። ጉጉቱ የእሷ ብቻ አልነበረም ማለት ነው።

ፎቶውን ልንገራችሁ። ነጭ አሸዋ፣ ዘንባባ፣ ሰማያዊው ውኃ እስከ ሆቴሉ ደረጃ ድረስ መጥቶ። ባለቤቴ ስልኳ ላይ አስቀምጣው ለእህቶቿ ሁሉ አሳይታለች።

የደረስነው ማታ ነው፣ ወደ 4 ሰዓት ገደማ። ወበቁ ፊት ላይ ይለጠፋል፤ ከ2,100 ሜትር ከፍታ ላይ ወርዶ ባሕር ጠርዝ ላይ መቆም ቀላል አይደለም። እጃችን ላይ የፕላስቲክ አምባር አሰሩልን፤ ሁሉም ነገር ተካቷል፣ ኦል ኢንክሉሲቭ ናችሁ ተባልን። ጨረቃዋ ሙሉ ነበረች። በረንዳው ላይ ቆመን «እንዴት ታምራለች» ተባባልን። የውኃ ድምፅ ግን አይሰማም። ደክሞን ስለነበር ነገሩን አልመረመርነውም።

ጠዋት ቁርስ በልተን፣ ፎጣ ይዘን ወረድን። ባሕሩ የለም።

እውነቴን ነው፣ የለም። ደረጃው ስር አሸዋ፣ ከአሸዋው ቀጥሎ ጥቁር ድንጋይ፣ የባሕር ሣር ተከምሮ ዝንብ ወርሮታል፣ ጀልባዎች በጎናቸው ተጋድመዋል። እሩቅ፣ በጣም እሩቅ፣ አንዲት ነጭ መስመር ትታያለች፤ ማዕበሉ የሚሰበረው እዚያ ነው። መካከል ላይ ሰዎች ዘንግ ይዘው ድንጋዩን እየነካኩ ይሄዳሉ፤ ኋላ ስጠይቅ ኦክቶፐስ እየፈለጉ ነው። ባለቤቴ ፎጣዋን ታቅፋ ቆመችና «ዛሬ ዝግ ነው እንዴ?» አለች።

ሳቅን። ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም።

የጎንደር ሰው ውኃ ሲያምረው ጣና ዳር፣ ጎርጎራ ነው የሚወርደው። ጣናም እኮ ይጎድላል፤ ግን በወራት ነው። ክረምቱ ሲያልቅ ይሞላል፣ እስከ ሰኔ ድረስ ቀስ እያለ ይሸሻል። ጠዋት ያየኸው ጣና ከሰዓት እዚያው ነው። ውቅያኖስ እንዲህ አይደለም። ጨረቃና ፀሐይ እየሳቡት በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆን ወይም አዲስ ስትወጣ ሁለቱ በአንድ መስመር ይስባሉ፤ ያን ጊዜ ሙላቱም ይበዛል፣ ጉድለቱም ይበዛል። በዚያ ባሕር ዳርቻ ያን ጊዜ በጉድለቱና በሙላቱ መካከል ያለው ልዩነት ከ3 ሜትር ያልፋል። ዳርቻው ደግሞ ሜዳ ስለሆነ፣ ውኃው ከፍታው ሲቀንስ ርቀቱ ነው የሚታያችሁ። ማታ ያሞገስናት ጨረቃ ናት ለካ ባሕሩን የወሰደችብን።

እስከዚህ ድረስ ማንንም አልወቅስም። ጨረቃን ሆቴሉ አላዘዛትም። የከነከነኝ የሚቀጥለው ነው።

እንግዳ መቀበያው ሄጄ ለልጁ ነገርኩት። ፈገግ ብሎ «ይመለሳል» አለኝ። መቼ? «ከሰዓት።» ስንት ሰዓት? ዞር አለና ከኮምፒውተሩ ጀርባ፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈች ወረቀት አነበበ። የወሩ ቀናት በሙሉ፣ ባሕሩ የሚሞላበትና የሚጎድልበት ሰዓት በደቂቃ ተጽፎ። ጠርዟ በስኮች ታስሯል፣ አንዳንዱ ቀን በቀይ እስክሪብቶ ተከቧል። ለጀልባ ሠራተኞቹ ነው አለኝ። እንግዳ ከሚቆምበት በኩል አትታይም።

ወረቀቷ አለች! ያውም እሱ ዘንድ። ማታ ስንገባ አምባሩን ሲያስር «ነገ የምትዋኙት በ10 ሰዓት ነው» ቢለን ምን ይጎድልበታል? በማግስቱ ደግሞ ሰዓቱ ወደ 50 ደቂቃ ይገፋል፣ ከነገ ወዲያም እንዲሁ፤ ስለዚህ ቀናችሁን በዚያ ነው የምትሠሩት። እኛ ግን በየጠዋቱ ፎጣ ታቅፈን እንድንወርድ ተተውን።

ስለ ክፍሉ ብዙ አላወራም። «የባሕር እይታ» የተባለው በረንዳው ጥግ ላይ ቆማችሁ አንገታችሁን ስታሰግጉ በሁለት ዛፍ መካከል የምትታይ ናት። ኤሲው ይንጠባጠባል፤ ነገርኳቸው፣ ባልዲ አመጡ። ኤሲውን አልነኩትም፣ ባልዲ ብቻ። ቡናው የማሽን ነው። ዓርብ ዕለት ባለቤቴ የጾም ስትፈልግ ሠራተኛዋ ዓሣ አመጣችላት፣ ወተቱን ትቼልሻለሁ ብላ። ልጅቷ ግን ደግ ነበረች፣ ሳታኮርፍ ሄዳ ባቄላና ሩዝ ይዛ መጣች። ከዚያ ሆቴል በበጎ የማነሣው ሰው ቢኖር እሷ ናት።

እና ደግሞ ከገመዱ ማዶ የሚሸጠው ሰውዬ። ከሆቴሉ ግቢና ከአሸዋው መካከል ገመድ አለ፤ ሻጮች አያልፉትም። ጥበቃው «አታናግሯቸው» ብሎን ነበር። የመጀመሪያው ጠዋት አንዱ ፎጣችንን አይቶ ገባው መሰለኝ፣ ማንም ሳይጠይቀው አሥር ጣቱን ዘርግቶ አሳየን። «ሳ ኩሚ» አለ፣ በስዋሂሊ አሥር ሰዓት ማለቱ ነው። እነሱም እንደኛ ሰዓት የሚቆጥሩት ከንጋት ነው፤ አሥር ሲሉ የኛው አሥር ነው። ሲሄድ የጎማ ጫማ እንድናደርግም በእጁ አስረዳን፤ ድንጋዩ ላይ እሾሃማ ፍጥረት አለ፣ እግር ይወጋል። ከሆቴሉ ሠራተኛ ሁሉ ይልቅ ለኛ ያሰበው «አታናግሩት» የተባልነው ሰውዬ ነው። ከእሱ ሁለት ሻሽ ገዛን፣ ዋጋም ብዙ አልተከራከርን።

10 ሰዓት ላይ ባሕሩ መጣ። ልክ እንደ ፎቶው፣ እስከ ደረጃው። ባለቤቴ እስከ ወገቧ ገብታ ውኃውን በመዳፏ ቀመሰችና ፊቷን አጨማደደች፤ «ጨው ነው ሲሉኝ እንዲህ አይመስለኝም ነበር» አለች። ያቺን ሰዓት አልክዳትም። ደስ ብሎን ነበር።

ፎቶው ውሸት አልነበረም ማለት ነው። በሙላቱ ሰዓት ተነሥቶ፣ ለሃያ አራቱም ሰዓት ተሸጠ እንጂ።

ይህን ሳስብ ወዲያው የመጣብኝ የፋሲል መዋኛ ነው። እስቲ የጎንደር ማስታወቂያ ተመልከቱ። ጥር 11 ቀን፣ ውኃው ሙሉ፣ ወጣቱ ከግንቡ ላይ እየዘለለ ሲገባ። ጥምቀት በ2019 እንደ ፈረንጆቹ በዩኔስኮ ከተመዘገበ በኋላ ፎቶው ጭራሽ በዛ። እንግዳው ግን በግንቦት ይመጣል። የፋሲል ግቢ ትኬት ለመዋኛውም ስለሚያገለግል ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል እንወስደዋለን። በሩን አልፎ ሲገባ የሚያየው ደረቅ ገንዳ ነው። የቀሃ ወንዝ ውኃ የሚገባበት ለጥምቀት ነው፤ በዓሉ ሲያልፍ ይለቀቃል። እንግዳው ዞሮ «ውኃው የት ሄደ?» ይለናል። እኛ ደግሞ ፈገግ ብለን «በጥር ይመለሳል» እንላለን። ሰውየው በጥር የት ሊገኝ ነው?

ሰሞኑን ይህን ለአንድ የሥራ ጓደኛዬ አነሣሁበት። ትኬት መስኮቱ ላይ አንድ ወረቀት ይለጠፍ፤ ውኃ የሚሞላው ለጥምቀት ብቻ መሆኑን ይናገር። አስጎብኚ ድርጅቶቹም ፕሮግራም ሲልኩ ከፎቶው ስር ቀኑን ይጻፉ። እሱ «አብደሃል? እንዲህ በጭንቁ ጊዜ የሚመጣውን ልታስቀርብን ነው?» አለኝ። ጭንቁ እውነት ነው፤ ባለፉት ዓመታት ሥራችን ምን ያህል እንደቀዘቀዘ እናንተም ታውቃላችሁ። እኔ ግን ሰው ይቀራል ብዬ አላምንም። ደረቁንም ቢሆን የሚያየው አለው። ግንቡን አቅፎ የወረደው የዛፍ ሥር፣ ድንጋዩን እንዴት እንደጨበጠው፣ በበዓል ቀን በሰው ብዛት ጭራሽ አይታይም። በግንቦት ጠጋ ብለህ ትዳስሰዋለህ። ያን የሚያውቅ ሰው ውኃ ፍለጋ አይመጣም፣ ሥሩን ሊያይ ይመጣል።

ጓደኛዬ «አንተ ሞምባሳ አዙሮብሃል» ብሎ ቡናውን ጨርሶ ሄደ። አልተስማማንም። እዚህ ሥራ ላይ ያላችሁ፣ ላሊበላም አክሱምም ያላችሁ፣ እንግዳ ከመምጣቱ በፊት ምን እንደምትነግሩት በድምፅ ቅዱና ላኩልኝ፤ በሚቀጥለው አሰማዋለሁ። እሱንም ልጋብዘው አስቤያለሁ፣ ከመጣ።