መጀመሪያ ክራሩ ይቃኝ፦ በኦንላይን ለሚያስተምሩ የክራርና የበገና መምህራን የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ መምህራን፣ የሙያ ጓደኞቼ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

በመጋቢት 2012 ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ብዙዎቻችን ስልካችንን ወንበር ላይ አቁመን ማስተማር ጀመርን። ያኔ የተቀረጸው ቪዲዮ ዛሬም እየተሸጠ ነው። ገበያው ሲቀዘቅዝ የምንሰማው ምክር ደግሞ ያው ነው፦ ፖስተር ቀይሩ፣ ቅናሽ አድርጉ፣ ቲክቶክ ላይ አስተዋውቁ። የመጣሁት ይህን ለመቃወም ነው። ኮርሱን እንደገና ገበያ ላይ ከማውጣታችን በፊት የመጀመሪያው ትምህርት ይስተካከል። እሱም መቃኘት ነው።

ፍራንክፈርት ያለ አንድ ልጅ እናስብ። ክራሩን ዘመድ ከአዲስ አበባ በሻንጣ አምጥቶለታል። ክሩ እንዳይበጠስ ተብሎ ላልቷል፤ ክሮቹን ከቆዳው ከፍ አድርጎ የሚይዘው ብርኩማ ከቦታው ተንሸራቷል። የእኛን ክፍል አንድ ይከፍታል። ስለ ክራር ታሪክ 12 ደቂቃ እናወራለታለን፤ ከዚያ «አሁን ክራራችሁን በትዝታ ቅኝት ቃኙ» ብለን ወደ ምት እናልፋለን። በምን ይቃኘው? ስልኩ ላይ ያለው መቃኛ የሚያሳየው ሲ፣ ዲ፣ ኢ የሚሉትን የፈረንጅ የድምፅ ስሞች ነው፤ ትዝታን አያውቅም። ልጁ በግምት ያጠብቃል፤ ክሩ ይበጠሳል፤ ትርፍ ክር የለውም። እንደምንም ቢቃኝ እንኳ አዲስ የናይሎን ክር እየተለጠጠ ለቀናት ይወርዳል። ክረምት ላይ ማሞቂያ ያደረቀው ቤት ውስጥ ቆዳው ሲወጠር ቅኝቱ እንደገና ይዛባል። ይህን የነገረው ሰው የለም። «ጆሮ የለኝም» ብሎ ክራሩን ግድግዳ ላይ ይሰቅለዋል።

እኛስ ምን እንላለን? «የዳያስፖራ ልጅ ሰነፍ ነው!» ከፍሎ፣ መሣሪያ አስመጥቶ፣ ማታ ከሥራ ሲመለስ የተቀመጠ ሰው ሰነፍ አይባልም! ሳናስተምረው ነው የሸጥንለት!

አዲሱ ክፍል አንድ ከ5 ደቂቃ አይለፍ። መጀመሪያ ብርኩማው ቀጥ ብሎ ይቁም። ክሮቹ ቁጥር ይሰጣቸው፤ ቁጥሩም ስክሪኑ ላይ በትልቁ ይጻፍ፤ ውጭ ያደጉት አማርኛ እየሰሙ ፊደል የማያነቡ ብዙ ናቸው። ለትዝታ ሜጀር ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ በሉት፤ የቀረው አንድ ክር ኦክታቩን፣ ማለትም ከፍ ብሎ የሚደገመውን ሲ፣ ይይዛል። ለትዝታ ማይነር ኢንና ኤን በግማሽ ድምፅ ዝቅ ማድረግ ነው። የእያንዳንዱ ክር ድምፅ 20 ሰከንድ ለብቻው ይቀረጽና በኦዲዮ ይላክለት፤ በጆሮው እያነጻጸረ ይቃኛል። ክሩን ከታች ወደ ላይ እየሳበ ይድረስበት። ስድስቱን ሲጨርስ ወደ መጀመሪያው መመለስ አለበት፤ ክሮቹ ላይ የሚታሰሩበት ቀንበርና ቆዳው አዲሱን ጫና ሲሸከሙ ቀድሞ የተቃኘው ክር ይወርዳል። ብዙው ተማሪ ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው፤ ያበላሸ ይመስለዋል።

ካሜራውንም አስቡት። ክራር ሲመታ ሥራው ያለው በግራ እጅ ነው፤ የማይፈለጉትን ክሮች የሚያፍኑት ጣቶች ከክሩ ጀርባ ናቸው። ከፊት ብቻ የተቀረጸ ቪዲዮ የቀኝ እጅ ምት ያሳያል፤ ዋናው ነገር ተደብቋል። ሁለተኛ ስልክ በትከሻችሁ በኩል አቁሙ። በሰልፊ ካሜራ ከቀረጻችሁ ግራና ቀኙ መገልበጡን አረጋግጡ።

የበገና መምህራን ደግሞ ሌላ ችግር አለባችሁ። የበገናን ወፍራም ድምፅ የስልክ ስፒከር አያወጣውም፤ ተማሪው የሚሰማው የእንዚራውን፣ ማለትም በክሩና በብርኩማው መካከል የሚገባውን ቁራጭ ቆዳ፣ ንዝረት ብቻ ነው። «በኢርፎን ስሙ» የሚለው ቃል የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ይሁን። ዙም ላይ ድምፅ ማጣሪያው ያንኑ ንዝረት እንደ ጫጫታ ቆጥሮ ይቆርጠዋልና ለሙዚቀኞች የተዘጋጀውን የኦሪጅናል ድምፅ ምርጫ አብሩ። አለበለዚያ የምታስተምሩት በገና በገና መሆኑ ይቀራል።

ይህ ሲያልቅ ነው ስለ ሽያጭ የምናወራው። የቅኝቱን ቪዲዮ በነፃ ዩቲዩብ ላይ ልቀቁት፤ ክራሩ የተቃኘለት ሰው ቀጣዩን ትምህርት ራሱ ይጠይቃል። መግለጫው ላይ «ክራር» የሚለውን በላቲን ፊደልም ጻፉ፤ ውጭ ያለው የሚፈልገው በዚያ ነው። ለቀድሞ ተማሪዎቻችሁ አዲሱን ኮርስ ያለ ክፍያ ስጧቸው፤ ለጓደኛ የሚናገሩላችሁ እነሱ ናቸው። የትኛው ክፍል ላይ እንዳቆሙም በስልክ ጠይቁ፤ ቴሌግራም ቻናላችሁ በየቪዲዮው ሥር የሚያሳየው የእይታ ቁጥር የቱ ጋ እንደሚያሽቆለቁል ይነግራችኋል።

«ዛሬ ብቻ 50 በመቶ ቅናሽ» የሚለው ማስታወቂያ ግን ይቁም! በየሳምንቱ የሚመለስ «ዛሬ» ባለፈው ሳምንት ሙሉውን የከፈለውን ተማሪ መዝረፍ ነው። «በ30 ቀን ክራር ተጫዋች» የሚለውም እንዲሁ! በ30 ቀን የሚቻለውን ጻፉ፦ በትዝታ መቃኘት፣ አንድ ምት፣ አንድ የሕዝብ ዜማ።

ጊዜውን በተመለከተ የበገና ኮርስ ከዐቢይ ጾም ቢያንስ አንድ ወር አስቀድሞ ይከፈት፤ መሣሪያውን አሠርቶ ማስመጣት ጊዜ ይፈጃል። ክፍያ ለአገር ቤት በቴሌብር፣ ለውጭ በካርድ። ቪዲዮውን ዝቅ ባለ የምስል ጥራት፣ በ480ፒም አዘጋጁት፤ በሞባይል ዳታ ለሚማረው ይቀልለታል።

ከሻይ በኋላ ክራር የያዛችሁ ወደ ጎን አዳራሹ ግቡ፤ ሁለት ስልክ አቁመን የቅኝቱን ክፍል አብረን እንቀርጻለን። አመሰግናለሁ።