ወደ ኪባሌ ደን ለምትሄዱ
(ደብረ ማርቆስ ላይ ለተፈጥሮ ሀብትና ለሥነ ሕይወት ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፣ እንደምን አደራችሁ!

ውጭ አገር ሄዶ በዝናብ ደን ውስጥ በዱር እንስሳት ጥበቃ የተግባር ልምምድ ስለማድረግ እንድናገር ነው የጠራችሁኝ። ብዙዎቻችሁ አስቀድማችሁ የምትጠይቁት «እንዴት ልሂድ?» ብላችሁ ነው። እመልሳለሁ። ግን ሥራውን ሳያውቅ የሄደ ሰው ለደኑም ለራሱም አይበጅምና ከሥራው ልጀምር።

እኔ የተለማመድሁት በምዕራብ ኡጋንዳ፣ ኪባሌ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ነው። ፓርኩ 795 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ይሰፋል፤ ከቺምፓንዚ እስከ ጉሬዛ 13 የፕራይሜት (የጦጣ፣ የዝንጀሮና የመሰሎቻቸው ወገን) ዝርያዎች ይኖሩበታል። ያ ጉሬዛ በእኛ ደን የምናየው ጉሬዛ ራሱ ነው። ሾላውም፣ ጥቁር እንጨቱም አለ። የጎጃም ልጅ እዚያ ሲገባ ሁሉም ነገር ባዕድ አይሆንበትም።

በፓርኩ ውስጥ ካንያዋራ በተባለው ቦታ የማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ የምርምር ጣቢያ አለ። ሥራ የሚጀመረው ጎህ ሳይቀድ ነው። ቺምፓንዚ ሲመሽ ቅርንጫፍ እያጠፈ አዲስ መኝታ ይሠራል፤ ከዚያ ሳይነሣ ካልደረሳችሁበት ቀኑ በፍለጋ ያልቃል። ከደረሳችሁ ግን እስኪመሽ እየተከተላችሁ ማን ምን እንደበላና ከማን ጋር እንደዋለ ትጽፋላችሁ። በሌላ ቀን ደግሞ ቁጥር የተለጠፈባቸውን ዛፎች አንድ በአንድ ትዞራላችሁ። ቀና ብላችሁ በርቀት ማያ መነጽር ታያላችሁ፦ ለጋ ቅጠል አለው? አበባስ? ፍሬው ጥሬ ነው ወይስ የበሰለ? አንገት ይደነዝዛል። ሱሪያችሁን ካልሲያችሁ ውስጥ ካልከተታችሁ ጉንዳን ይወርሳችኋል። የምትጽፉት በእርሳስ ነው፤ የእስክሪብቶ ቀለም ዝናብ ሲነካው ገጹን ያበላሸዋል።

ይህን ሁሉ ለምን? የአንድ ተለማማጅ ገጽ ብቻውን ብዙ አይናገርም። በካንያዋራ የፕራይሜቶች ጥናት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው፤ የቺምፓንዚዎቹ ክትትል በ1987። አንዳንዱ ዛፍ ዓመታት ቆጥሮ ነው የሚያፈራው። አንድ ዓመት ፍሬ ቢጠፋ የአየር ንብረቱ ተለውጦ ይሁን ወይም የዛፉ ልማድ ሆኖ መለየት የሚችለው አሥርተ ዓመታት ያስቆጠረ መዝገብ ብቻ ነው። እናንተም የምትሄዱት በዚያ መዝገብ ላይ ጥቂት የታመኑ ገጾች ለመጨመር ነው።

መዝገቡን የያዙት ደግሞ በአብዛኛው በደኑ ዙሪያ ተወልደው ያደጉ ኡጋንዳውያን ናቸው። ቺምፓንዚውን በጀርባው፣ አንዳንዴም በጩኸቱ ብቻ ለይተው ስሙን ይነግሯችኋል። የዲግሪ ተማሪ ነኝ ብላችሁ ከነርሱ ፊት አትቅደሙ። በዋሸራ፣ በጎንጅና በዲማ የቅኔ ጉባኤ ከሩቅ አገር የመጣ ተማሪ ከመምህሩ እግር ሥር ቁጭ ብሎ እንደሚማር፣ እናንተም እንደዚያ ሁኑ።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። አዳኞች ለሚዳቋ ብለው በመሬት ላይ የሽቦ ወጥመድ ይዘረጋሉ፤ ቺምፓንዚ እጁን ያስገባበታል። ሽቦውን ሲጎትት ይበልጥ ይጠብቅበታል። ጣቶቿን ያጣች እናት ሾላውን በእጅ አንጓዋና በአገጯ መካከል ይዛ ስትበላ አይቻለሁ፤ ልጇ ደረቷ ላይ ተለጥፏል። ወጥመድ የሚለቅሙ ጠባቂዎች በየጊዜው ደኑን ያስሳሉ፤ ከሁሉ ይልቅ የማከብረው የእነርሱን ሥራ ነው።

ሌላው አደጋ ከእኛ ከራሳችን ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2013 በሰው ላይ ተራ ጉንፋን የሚያስይዝ ራይኖቫይረስ ሲ የተባለ ቫይረስ ካንያዋራ ያሉትን ቺምፓንዚዎች ያዘ፤ ከ56ቱ አምስቱ ሞቱ። ስለዚህ ያስነጠሰው ተለማማጅ ከካምፕ አይወጣም። ጤነኛውም ጭምብል አድርጎ፣ ርቀቱን ጠብቆ ነው የሚቆመው። «ግልገል ቺምፓንዚ አቅፋችሁ ፎቶ ትነሣላችሁ» የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ ሽሹ! ግልገል በሰው እጅ የሚገባው ብዙ ጊዜ እናቱ ተገድላ ነው። ይህን የሚያደርግ ሰው ጥበቃ የሚለውን ቃል ሊጠቀምበት አይገባም።

እንዴት ይኬዳል ለሚለው፦ ለተለማማጅነት ብዙ ገንዘብ የሚያስከፍሉ ድርጅቶች አሉ። ከመክፈላችሁ በፊት ገንዘቡ የት እንደሚውል፣ የምትሰበስቡትን መረጃ ማን እንደሚጠቀምበት ጠይቁ፤ ጥርት ያለ መልስ ካላገኛችሁ ተዉት። የተሻለው መንገድ ጥናታቸውን አንብባችሁ በቀጥታ ለተመራማሪዎች መጻፍ ነው። የምርምርና የፓርክ ፈቃድ ጊዜ ስለሚወስድ ቀደም ብላችሁ ጀምሩ። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድም አትርሱ።

ግን ደብዳቤያችሁ ላይ ምን ትጽፋላችሁ? እዚህ ነው ጎጃም የሚጠቅማችሁ። ሜዳው ሁሉ ታርሶ ሲያልቅ አገር በቀል ዛፎች የቀሩት ባመዛኙ በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ነው። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ እነዚህን ደኖች አጥንተዋል። ከአሜሪካዊቷ ተመራማሪ ከሜግ ሎውማን ጋር ሆነው ከካህናቱና ከምእመናኑ ጋር በመተባበር በደኖቹ ዙሪያ የድንጋይ አጥር እንዲታጠር አድርገዋል፤ ከብት ችግኙን እንዳይግጠው። አጥሩ ቆሟል። ውስጡ ያለው ዋንዛ በየትኛው ወር እንዳበበ፣ ፍሬውን የትኛው ወፍ እንደለቀመ በየወሩ የሚጽፍ ሰው ግን ያስፈልጋል። ለዚህ አውሮፕላን አያሻም፤ እርሳስና ደብተር ይበቃል። አንድ ዓመት ሳያቋርጥ የጻፈ ተማሪ ለኪባሌ ሲያመለክት የሚያሳየው ሥራ አለው፤ ከዚያ ሲመለስም የሚቀጥለው መዝገብ ይጠብቀዋል።

ለመጀመር የደብሩን አስተዳዳሪ ፈቃድ እንጠይቃለን፤ ከዚያ በቅጥሩ ካለው ደን 50 ዛፎች መርጠን ቁጥር እንሰጣለን። ለመሳተፍ የምትፈልጉ ከዚህ ስብሰባ በኋላ በሩ አጠገብ ስማችሁን አስመዝግቡ። የመጀመሪያው ቆጠራ የፊታችን ቅዳሜ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ነው።

አመሰግናለሁ።