የስንዴው ማዳበሪያ ባቄላው ላይ ይጀምራል

የተከበራችሁ የሞረትና ጅሩ አርሶ አደሮች፣ የኅብረት ሥራ ማኅበራት አመራሮች፣ የግብርና ባለሙያዎች፤ እንደምን ዋላችሁ?

እንድናገር የተጠየቅሁት ስንዴን በሕያው ማዳበሪያ ስለማሳደግ ነው። ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ይጥራልን። ራይዞቢየም የሚባለው ባክቴሪያ ያለበት ባለ 125 ግራም ፓኬት ለስንዴ አይደለም። የባቄላው ለባቄላ፣ የሽምብራው ለሽምብራ፣ የምስሩ ለምስር ነው። ስንዴ ዘር ላይ የለወሰው ሰው ገንዘቡን ደፋ። ስንዴው የሚጠቀመው በዓመቱ፣ ባቄላው በተነሣበት ማሳ ላይ ሲዘራ ነው።

ሒሳቡን እዩት። ከሄክታር 40 ኩንታል ስንዴ ስታነሡ በፍሬው ብቻ 80 ኪሎ ያህል ናይትሮጂን ከማሳው ይወጣል። ዩሪያ 46 ከመቶው ናይትሮጂን ነውና፣ ይህን በዩሪያ ልተካ ያለ ሰው ምንም ሳይባክንበት 175 ኪሎ ግድም ያስፈልገዋል። መባከኑ ደግሞ አይቀርም፤ ውኃ በሚተኛበት ዋልካ መሬት ላይ ከፊሉ ተመልሶ ወደ አየር ይሄዳል። ባቄላ ግን ባክቴሪያው ሥሩ ላይ ካለለት ናይትሮጂኑን ከዚያው አየር ስቦ ለራሱ ያዘጋጃል፤ ከሥሩና ከቅጠሉ የሚቀረው ለስንዴው ይተርፋል።

አሠራሩ ይህ ነው። ለአንድ ጥማድ፣ ማለትም ለሩብ ሄክታር፣ አንድ ፓኬት ይበቃል። ዘሩን ጥላ ሥር ሸራ ላይ አፍስሱት። ጥቂት ስኳር በንጹሕ ውኃ በጥብጡና ዘሩ ላይ አርከፍክፉ፤ ውኃው የፓኬቱ ጥቁር ዱቄት ዘሩ ላይ እንዲጣበቅ ያህል ብቻ እንጂ ዘሩን ማራስ የለበትም። ዱቄቱን ነስንሳችሁ እያንዳንዱ ፍሬ እስኪጠቁር በእጅ አገላብጡት፤ እዚያው ጥላ ውስጥ ጠፈፍ ይበል። በዚያው ቀን እርጥብ አፈር ላይ ዘርታችሁ ወዲያው አፈር አልብሱት። በፀረ ፈንገስ መድኃኒት በታሸ ዘር ላይ አታድርጉት፤ መድኃኒቱ ባክቴሪያውን ሊገድለው ይችላል። ኤንፒኤስ ከሚባለው ማዳበሪያ ጋርም በአንድ ዕቃ አትቀላቅሉት። ባቄላው ላይ ዩሪያ አትጨምሩ፤ አፈሩ ውስጥ ናይትሮጂን ሲበዛለት ባቄላው ከባክቴሪያው ጋር አይሠራም። ውኃ የሚተኛበት ሥርም አየር አያገኝምና ማሳውን በመደብና በቦይ አጠንፍፉት።

አሁን የመጣሁበትን ልናገር። ይህ ዱቄት እንደ እርሾ ሕይወት ያለው ነገር ነው። እርሾዋን ፀሐይ ላይ አስጥታ ስታበቃ እንጀራዬ ዓይን ያወጣልኛል የምትል ባለሙያ አለች? ታዲያ ፓኬቱን ከዩሪያ ጆንያ ጋር በአንድ መኪና ጭኖ፣ ቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ አግሎ፣ የባቄላው ዘር አፈር ከገባ በኋላ የሚያድለው ማነው? ከዚያ ገበሬው «ለውጥ አላየሁበትም» ሲል «አርሶ አደሩ ቴክኖሎጂ አይቀበልም» ተብሎ ሪፖርት ይጻፋል! አልተቀበለም አትበሉ፤ የሞተ ነገር ነው የሰጣችሁት! ዩሪያ ዘግይቶ ቢመጣ ለከርሞ ይቀመጣል። ይህ ግን ለከርሞ አይደርስም።

ስለዚህ የማኅበር አመራሮች፣ ፓኬቱ ከዘር ወቅት በፊት ይግባ፤ ከማዳበሪያና ከፀረ ተባይ ተለይቶ ፀሐይ በማይነካው ቀዝቃዛ ክፍል ይቀመጥ። እናንተም ስትረከቡ ማብቂያ ቀኑን አስነብቡ። ያለፈበትን እዚያው መልሱ፣ ፊርማችሁንም አታስቀምጡ።

ቀሪውን በአጭሩ። ባቄላውን በማጭድ እጨዱት እንጂ አትንቀሉት፤ ሥሩ ለስንዴው ይቅር። ገለባውን ለሰንጋው ስጡ፤ የጅሩ ሰንጋ ስሙ የተጠራው በከንቱ አይደለም። ፍጉ ግን ኩበት ሆኖ ከሚያልቅ፣ ከፊሉ እንኳ ኮምፖስት ሆኖ ወደ ማሳው ይመለስ። ቅጠል የሚያኮማትረው የባቄላ በሽታ ያስፈራችሁ ሽምብራ ወይም ምስር አስገቡ። ከደጋው የመጣችሁ፣ የአፈራችሁ ፒኤች፣ ማለትም የአሲድነቱ መለኪያ፣ ከ5.5 በታች ከሆነ መጀመሪያ ኖራ ነው፤ አሲዳም አፈር ላይ ባክቴሪያውም ባቄላውም አይገፉም። ለስንዴው ለራሱ የሚሆኑ አዞቶባክተርና አዞስፒሪለም የሚባሉ ባክቴሪያዎችም አሉ። የስንዴን ሥር ያጎለብታሉ፣ ነገር ግን ዩሪያን ይተካሉ የሚላችሁን አትመኑ። አንድ መደብ ላይ ሞክሩ፣ ጎኑ ያልተደረገበት መደብ ተዉ፣ ሁለቱንም ለየብቻ ውቁና መዝኑ።

አሁን ባቄላው አበባ ላይ ስለሆነ ወደ ማሳው እንውረድ። ዶማ ያላችሁ ያዙ። አንዱን እግር እንዳትነቅሉ፣ ዙሪያውን ቆፍራችሁ ከነአፈሩ አውጡና ሥሩ ላይ ያሉትን፣ ባክቴሪያው የሚኖርባቸውን እባጮች በጥፍራችሁ ሰንጥቁ። ውስጡ ቀላ ያለ ከሆነ እየሠራ ነው። ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ አይሠራምና፣ ፓኬቱ ከየት መጋዘን እንደወጣና መቼ እንደደረሳችሁ እዚያው ማሳው ላይ ለባለሙያው አስመዝግቡ።