«ማን እያባረረህ ነው?» — ኮምቦልቻ ላይ ለአዲስ አሽከርካሪዎች የተደረገ ንግግር

እንደምን ዋላችሁ፣ እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ ጀመዓው። ዛሬ መንጃ ፈቃድ የምትቀበሉ ልጆችም እንኳን ደስ አላችሁ።

10 ደቂቃ ተሰጥቶኛል። እኔ መካኒክ ነኝ፤ መድረክ አልለመድኩም። መኪና ሥር ተኝቶ የሚያወራ ሰው ማን ይሰማዋል? ስለዚህ ብሳሳት እለፉኝ።

ረመዳኑም ፋሲካውም አልፏል። ወሎ ሠርግ ላይ ነው። እሁድ በመጣ ቁጥር ከደሴ ፒያሳ እስከዚህ ድረስ የሙሽራ አጀብ ነው። ጡሩምባው ይቀልጣል። አንዱ ልጅ በመስኮት ወጥቶ ይቀመጣል። ሌላው አደባባይ ሲያገኝ መኪናዋን እያንሸራተተ ያሽከረክራታል። ጎማው ይጮኻል፣ ጭሱ ይወጣል፣ ሰዉ ያጨበጭባል፣ ስልክ ያለው ሁሉ ይቀርጻል።

ሰኞ ጠዋት ያቺ መኪና እኔ ጋ ትመጣለች። ሽታዋን ገና ከበር አውቀዋለሁ። ልጁ ግን «ጋሼ፣ ዘይት ብቻ ቀይርልኝ፣ ሌላ ምንም የላትም» ይለኛል። ትናንት ምን ስትሠራ እንደዋለች አይነግረኝም። እኔም አልጠይቀውም። ጎማዋን አያለሁ፣ በቃ።

«ፎር ዊል ናት፣ ትችለዋለች» የሚል ነገር አለ። የዛሬው ጉዳዬ እሱ ነው። ራቭ ፎር በሉት ሌላ፣ የቤት መኪና ሆኖ አራቱም ጎማ የሚገፋው ማለቴ ነው። አገራችን ዳገት ነው፣ ጭቃ ነው፤ ሰው ቢወደው አልፈርድም። እኔም እወደዋለሁ።

ግን አራቱም ጎማ መግፋቱ የሚጠቅመው ለመነሳትና ለመውጣት ነው። ለማቆምማ የትኛውም መኪና ፍሬን የሚይዘው በአራቱም ጎማ ነው። ያቺ የድሮዋ ትንሽ ታክሲም ቢሆን። ስለዚህ ፎር ዊሉ በፍሬን በኩል ምንም ትርፍ የለውም። እንዲያውም ተጨማሪ ብረት ስለተሸከመ ይከብዳል።

የባሰው ሌላ ነው። በፊት ጎማ ብቻ የምትሄድ መኪና እርጥብ ኮብልስቶን ላይ ስታስነሳት ጎማዋ ባዶውን ይዞራል። «መሬቱ ያንሸራትታል፣ ቀስ በል» እያለችህ ነው። ፎር ዊሉ ይህን አይነግርህም። ቀጥ ብሎ ይነሳል፣ አንተም ደረቅ መሬት ላይ ያለህ ይመስልሃል። መንገዱ ሳሙና መሆኑን የምታውቀው ፍሬን ስትረግጥ ነው። ያኔ ደግሞ 60 ገብተሃል። 60 ላይ ያለ መኪና በ1 ሰከንድ 17 ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ እግርህ ፍሬኑ ላይ እስኪደርስ ማለት ነው። ፍሬኑ ከያዘ በኋላ ያለውም ርቀት በ30 ስትነዳ ካለው ጋር ሲተያይ እጥፍ አይደለም። 4 እጥፍ ነው።

ይህን ከመጽሐፍ አይደለም የተማርኩት። ልጅ ሆኜ፣ ገና መፍቻ መያዝ እንደጀመርኩ፣ የጓደኛዬን ፎር ዊል ይዘን ቦሩ ሜዳ ወጣን። ሐምሌ ነው። ሣሩ ረጥቧል። ሜዳው ሰፊ ነው፣ ሰው የለም፣ ከብት የለም። መሪውን ጠምዝዤ ነዳጅ ስረግጥ መኪናዋ እንደ እንዝርት ዞረች። ደግሜ ሞከርኩ፤ ዞረች። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ከዚያን ቀን በኋላ መኪናን የማዘው እኔ ነኝ አልኩ።

እዚያው ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ማታውን ወደ ኮምቦልቻ ስንወርድ ሐረጎ ላይ ዝናብ ያዘን። ጉሙም ወርዷል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። ያንን ሁሉ የምትወርደው በሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ነው፣ እየተጠማዘዝክ። እኔ ግን የቦሩ ሜዳ ጀግና ነኝ። ኩርባው ሲመጣ ፍሬን ያዝኩ። መሪውን አዞርኩ። ጎማው ዞረ፣ መኪናዋ ግን ቀጥ ብላ ሄደች። የሆነው ይኸው ነው። ጩኸት የለም፣ ጭስ የለም። ዝም ብላ ሄደች።

ደግነቱ ኩርባው የጣለን ወደ ተራራው በኩል ነው። አፈሩ ላይ ተለጥፈን ቆምን። ወደ ሌላው በኩል ቢሆን ዛሬ ይህን የሚነግራችሁ ሰው አይኖርም።

ከመኪናዋ አፍንጫ አምስት እርምጃ ያህል ርቀት ላይ እንጨት የተሸከሙ አንዲት እናት ቆመዋል። ሸክማቸውን አላወረዱም። አልተሳደቡም። ዝናቡ እየወረደባቸው አዩኝና «የኔ ዓለም፣ ማን እያባረረህ ነው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። እስካሁንም የለኝም።

አንዳንዶቻችሁ «አንተ ስለማትችል ነው» ትሉ ይሆናል። እሺ፣ የሚችሉትን እንይ። እ.ኤ.አ. በ1986 ለራሊ ውድድር የሚወጡት ትልልቆቹ መኪኖች አራቱም ጎማቸው የሚገፋ ነበር። ነጂዎቹም በዓለም የታወቁ። በዚያ ዓመት ፖርቱጋል ላይ አንዱ መንገድ ስቶ ከተመልካች መሃል ገባ፤ ሰዎች ሞቱ። በፈረንጆቹ ሜይ መጀመሪያ ላይ ደግሞ ኮርሲካ ላይ ሄንሪ ቶይቮነንና አብሮት የነበረው ሰርጂዮ ክሬስቶ ኩርባ ስተው ገደል ገቡ፤ መኪናዋም ተቃጠለች። ከዚያ በኋላ የነዚያ መኪኖች ምድብ፣ ግሩፕ ቢ የሚሉት፣ ከዓለም ሻምፒዮና ወጣ። እነሱ የራስ መከላከያ ቆብ ነበራቸው፣ የመኪናውን ቤት የሚደግፍ የብረት አጥር ነበራቸው፣ መንገዱም ለውድድር ተዘግቶ ነበር። እኛ ያለን ሙዚቃና ከኋላ የተደረደሩ አራት ሚዜዎች ናቸው።

የፖርቱጋሉን ልብ በሉልኝ። የሞቱት የቆሙት ናቸው። አደባባይ ላይ ስትሽከረከር ዙሪያህን የሚቆመው የአክስትህ ልጅ ነው። ባጃጅ ነው። ከገበያ የሚመለስ ሰው ከነአህያው ነው።

የእጅ ፍሬን ነገር ደግሞ አለ። በቪዲዮ አይታችሁታል፤ ስቦ ያዞራታል። የራሊ መኪና እጅ ፍሬኑ ሲሳብ ከሞተር ወደ ኋላ የሚሄደው ኃይል እንዲቋረጥ ተደርጎ ሊሠራ ይችላል። የእናንተ የቤት መኪና፣ በተለይ አሮጌው፣ ያ የለውም። በብዙዎቹ መሃል ላይ እንደ ፍሪሲዮን ያሉ ስስ ሳህኖች አሉ፤ ኃይሉን ወደ ኋላ ጎማ የሚያደርሱት እነሱ ናቸው። አንተ የኋላውን ጎማ በእጅ ፍሬን ታስራለህ፣ በእግርህ ደግሞ ነዳጅ ትረግጣለህ። መሃል ያሉት ሳህኖች ይፋጫሉ፣ ይግላሉ፣ ይቃጠላሉ። ሰኞ ጠዋት የሚሸተኝ ይህ ነው። ጉዳቱ ያን ቀን ላይታይ ይችላል። ክረምት መጥቶ የኩታበርን ጭቃ ልትወጣ ስትል ነው የኋላ ጎማህ አልገፋም የሚልህ። ዕቃው ውድ ነው፣ ቶሎም አይገኝም። መቼም እኔ እንጀራዬ ነው፤ ግን በዚህ ባልበላ ይሻለኛል።

እነዚህ መኪኖች ደግሞ ቁመታቸው ረዘም ይላል። ወደ ጎን እየተንሸራተቱ የመንገዱን ጠርዝ ከነኩ ይገለበጣሉ። ይህን ማብራራት አያስፈልግም።

አባቶች፣ አንድ ነገር ለእናንተ። ቁልፉን የምትሰጡት እናንተ ናችሁ። የኢንሹራንስ ውላችሁን አውጡና አንብቡት። ለውድድር የዋለ መኪና አይሸፈንም የሚል ቃል ብዙ ጊዜ አለበት። ሙሽሮችም ብትሆኑ ለአጀቡ አንድ ሽማግሌ ከፊት አስቀድሙ። በ30 ይንዳ። ከሽማግሌ ቀድሞ የሚሄድ ልጅ ወሎ ውስጥ እስካሁን አላየሁም።

ቡናው ሸተተኝ፣ ልጨርስ። የፊታችን ቅዳሜ ጠዋት ጋራዤ ክፍት ነው። የተቃጠሉትን ሳህኖች አውጥቼ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣለሁ፤ ኑና በእጃችሁ ያዙዋቸው። መኪና ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፤ ጎማችሁን በነፃ አይላችኋለሁ። ከ3 ሰዓት በፊት ግን አትምጡ፤ ቅዳሜ አርፍጄ ነው የምከፍተው።