ዘንድሮ በየጠረጴዛችን ላይ ያለው ሥራ፦ የሞዴል ባቡር ማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ አብራችሁ የመጣችሁ ቤተሰቦች፣ ከምድር ባቡር በጡረታ የተሰናበታችሁ አባቶቻችን፣ እንኳን በሰላም መጣችሁ። ከድሬዳዋ ሌሊቱን በመንገድ አድራችሁ የገባችሁ አላችሁ። ከጀርመንና ከአሜሪካ ሻንጣችሁን በትንንሽ ሞተሮችና በሐዲድ ሞልታችሁ የመጣችሁም አላችሁ። እግዜር ይስጥልን።

ዛሬ ረጅም ሪፖርት አላነብም። የሂሳቡን ነገር ከሰዓት በኋላ ጸሐፊያችን ያቀርቡታል። እኔ ማውራት የምፈልገው በየቤታችሁ ጠረጴዛ ላይ ስላለው ሥራ ነው። በዚህ ዓመት ብዙዎቻችሁ ቤት ገብቼ አይቻለሁ። ፎቶ የላካችሁልኝም ብዙ ናችሁ። ያየሁት ሁሉ አንድ ሐሳብ አጠንክሮብኛል። እኛ በሞዴል የምንሠራውን፣ የድሮውን የጅቡቲ–አዲስ አበባ መስመር፣ የሚሸጥልን ሱቅ የለም። የድሬዳዋን ጣቢያ በካርቶን ታሽጎ የሚያገኘው ማን ነው? ስለዚህ ሥራችን የሚጀምረው ከሜትርና ከደብተር ነው። ሄዶ መለካት፣ ሰው ቁጭ አድርጎ መጠየቅ። ዘንድሮ ከማኅበሩ የምጠብቀው ዋናው ነገር ይሄ ነው።

ለአዲስ እንግዶች ታሪኩን ባጭሩ ልንገር። ዓመቶቹን የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። አፄ ምኒልክ የባቡሩን ፈቃድ በ1894 ለስዊሱ ለአልፍሬድ ኢልግ ሰጡ። ግንባታው በ1897 ከጅቡቲ ተነሣ። በ1902 መጨረሻ ከሐረር ተራሮች ሥር ካለው ሜዳ ደረሰ። ወደ ሐረር የሚያወጣው ዳገት ስለከበደ ሐዲዱ ታች ቀረ፤ ድሬዳዋም እዚያው ተቆረቆረች። የመጀመሪያው ኩባንያ ከሰረ፣ ሌላ ተተካ። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። ዛሬ ለገሃር የምናየው ሕንፃ የተመረቀው ደግሞ በ1929። የመስመሩ ርዝመት 784 ኪሎ ሜትር፣ የሐዲዱ ስፋት 1 ሜትር።

ያቺ 1 ሜትር ናት ሁሉን ነገር የምትወስንልን። የምንሠራው በ1:87 መጠን፣ ማለትም ከእውነተኛው 87 ጊዜ አሳንሰን ነው። ዓለም ላይ በብዛት የተለመደው የሞዴል መጠን ይሄ ነው፤ ኤች ኦ ይሉታል። በዚህ መጠን 1 ሜትር ወደ 11 ሚሊ ሜትር ተኩል ይሆናል። ገበያ ላይ የሚገኘው የቅርብ ሐዲድ 12 ሚሊ ሜትር ነው። የግማሽ ሚሊ ሜትሯን ልዩነት ዓይን አይለያትም። የስዊዘርላንድን የተራራ ባቡሮች የሚሠሩ ሰዎችም በዚሁ 12 ሚሊ ሜትር ነው የሚነዱት። ለእኛም በረከቱ ደርሶናል። የጀርመኑ የሞዴል ባቡር ፋብሪካ ቤሞ ለስዊስ ሞዴሎች ብሎ ያመረተውን ሞተርና ጎማ ወስደን፣ የራሳችንን አካል ከላይ እንጭንበታለን።

አሁን ደግሞ አንድ ሂሳብ አብረን እንሥራ። 784 ኪሎ ሜትርን በ87 ስናካፍል 9 ኪሎ ሜትር ይመጣል። መስመሩን ሙሉውን ልሥራ የሚል ሰው የ9 ኪሎ ሜትር አዳራሽ ያስፈልገዋል። ከፍታውም እንዲሁ ነው። ከጅቡቲ የባሕር ዳር እስከ አዲስ አበባ ያለው ከፍታ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። በእኛ መጠን ከ26 ሜትር በላይ ማለት ነው፤ ፎቅ ያክላል። እናም መምረጥ ግድ ነው። ምን እንደምንተው ማወቅ ከሥራው ሁሉ ከባዱ ይመስለኛል። ማኅበራችን አራት ቦታዎችን መርጧል፦ ድሬዳዋን፣ የግራሩን ሜዳ፣ አዋሽን፣ ለገሃርን። እያንዳንዱ ቦታ ተነጣጥሎ በሚገጠም ጠረጴዛ፣ ማለትም በሞጁል ይሠራል።

ከድሬዳዋ ልጀምር። የድሬዳዋ ቡድን ዘንድሮ ያሳየውን ትጋት ሳላመሰግን ማለፍ አልችልም። ከዚራ ሰፈር ያለውን ጣቢያ በመስኮትና በበር ቁጥር ሳይሆን በሴንቲ ሜትር ነው የያዙት። ፈቃድ ጠይቀው፣ በሜትር ለክተው፣ የማይደረስበትን ከፍታ ደግሞ ከፎቶ አሰሉ። ዘዴው ቀላል ነው። ርዝመቱ የታወቀ ዘንግ ግድግዳው ሥር አቁመህ ፊት ለፊት ፎቶ ታነሣለህ። ከዚያ ሌላውን ሁሉ በዘንጉ ልክ ታወጣለህ። የቡድኑ ታናሽ፣ የኮሌጅ ተማሪ የሆነች እህታችን፣ መስኮቶቹን ኮምፒውተር ላይ ሥላ በሌዘር አስቆርጣቸዋለች። ግድግዳው ካርቶን ነው፤ ላዩ በስሱ ጀሶ የተለቀለቀ። ጀሶው ሳይደርቅ በጥርስ መፋቂያ የድንጋዩን መስመር አወጡበት። እዚያ ጠረጴዛ ላይ ታዩታላችሁ፤ እባካችሁ ጎንበስ ብላችሁ እዩት።

የባቡር ጥገና ክፍሉ ገና ነው። እሱን ለመሥራት ቸኩሉ አልላቸውም። ውስጡ ያሉት ማሽኖች፣ ከውጭ የቆሙት አሮጌ ሎኮሞቲቮች፣ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው መጠን አላቸው። አንዱን ለክቶ መጨረስ አሥሩን በግምት ከመሥራት ይሻላል።

ስለ ሐዲዱ አንድ ነገር ማለት አለብኝ። ከፋብሪካ የሚመጣው አብዛኛው ሐዲድ አግዳሚው፣ ማለትም ሐዲዱ የሚያርፍበት ተሻጋሪ፣ የእንጨት መልክ አለው። የእኛ መስመር ግን በብረት አግዳሚ ነው የተነጠፈው። በቆላው አገር እንጨት ለምስጥ ይዳረጋል። ታዲያ ፎቶ ላይ ጠርዙ ወደ ታች የታጠፈ ብረት እያየን፣ ሞዴሉ ላይ እንጨት ማስቀመጥ ልክ አይመጣም። አንድ አባላችን የብረቱን አግዳሚ ቅርጽ ሣለ፤ ጀርመን ያለው ወንድማችን በስሪዲ ፕሪንተር አተመው። ሐዲዱን ከፋብሪካው አግዳሚ አውጥተው በዚህ ላይ እየገጠሙት ነው። አድካሚ ሥራ ነው፤ በቀን አንድ ስንዝር ቢሄድ ትልቅ ነገር ነው። ውጤቱን ስታዩ ግን ድሬዳዋ መሆኑን ጽሑፍ ሳታነቡ ታውቁታላችሁ።

ጠጠሩም እንዲሁ። እውነተኛው የሐዲድ ጠጠር 5 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ በእኛ መጠን ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የግንባታ አሸዋ ለዚህ ትልቅ ነው። በሻይ ማጥለያ ነፍታችሁ ደቃቁን ውሰዱ። ደረቁን አሸዋ በብሩሽ ካስተካከላችሁ በኋላ ኮላውን በውኃ አቅጥናችሁ በጠብታ አፍስሱበት። ውኃው ላይ አንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጨምሩ፤ አለዚያ ኮላው ላዩ ላይ ይንከባለላል እንጂ ወደ ውስጥ አይሰርግም። ከየቦታው አፈር የምታመጡ ደግሞ ማግኔት አሳልፉበት። አፈር ውስጥ ያለ የብረት ብናኝ ሞተር ውስጥ ከገባ ሞተሩን ይበላዋል።

የግራሩ ሜዳ ለጀማሪዎች የተሰጠ ሥራ ነበር። አሁን ግን ልምድ ያላቸውም እየተሻሙበት ነው! ግራርን ግራር የሚያሰኘው ጠፍጣፋ አናቱ ነው። ከውጭ የሚመጣው የፕላስቲክ ዛፍ ሁሉ ክብ ነው፤ የአውሮፓ ጫካ ያስመስለዋል። አባሎቻችን የአሮጌ ገመድ መዳብ ፈትለው ግንዱንና ቅርንጫፉን ያወጣሉ፤ ላዩን ቀለም በተነከረ ሰጋቱራና በስፖንጅ ያለብሱታል። አንድ ምክር ብቻ፦ አረንጓዴውን ቀንሱ። በበጋ የሚታየው የአዋሽ ሜዳ ቢጫና አመድማ ነው።

አዋሽ ላይ ሁለት ሥራ አለ። አንዱ ድልድዩ ነው። ገደሉ ከፎም ተቆርጦ በጀሶ ተሸፍኗል፤ የብረቱ ክፍል ገና በወረቀት ላይ ነው። ድልድዩን የያዘው ወንድማችን የፈረንሳይኛ ሥዕሎችን እየፈለገ ስለሆነ፣ ቤታችሁ ያረጀ የባቡር ወረቀት ያላችሁ እንድታሳዩት እለምናለሁ። ሁለተኛው ከጣቢያው አጠገብ ያለው የድሮ ቡፌ ነው፤ መንገደኛው ወርዶ የሚበላበትና የሚያድርበት። እሱን የያዙት ባልና ሚስት ናቸው። እሷ ሕንፃውን፣ እሱ ቡገንቪሊያውን።

ለገሃር። እዚህ ላይ ትንሽ እቸኩላለሁ፤ የምቸኩለውም በምክንያት ነው። የለገሃር አካባቢ መልኩ በየጊዜው እየተቀየረ ነው። የጣቢያው ሕንፃ ባለበት ቢቆይም በዙሪያው የነበረው አጥር፣ መጋዘን፣ የሠራተኛ ቤት እንደነበረ አይቆይም። ስለዚህ አዲስ አበባ ያላችሁ አባላት፣ ሞዴሉን ለመሥራት ዕቅድ ባይኖራችሁም እንኳ ለኩ፣ ፎቶ አንሡ፣ አስቀምጡ። ሠሪው ከአሥር ዓመት በኋላ ሊመጣ ይችላል። ከጣቢያው ፊት ለፊት የሚቆመውን የይሁዳ አንበሳ አንድ የሥነ ጥበብ መምህር እየቀረጹልን ነው። ሐውልቱ ለ1930ው የንግሥ በዓል የቆመ ነው፤ ጣሊያን ወደ ሮም ወስዶት በ1960ዎቹ ተመለሰ። የምንሠራው ዘመን የትኛው እንደሆነ ስንወስን ይሄንንም ማሰብ አለብን። በወረራው ዓመታት አንበሳው እዚያ አልነበረም። በዚያው ዘመን ሊቶሪና የሚባለው፣ በራሱ ሞተር የሚሄደው የፊያት የመንገደኛ ፉርጎ ነበር። ሊቶሪናና አንበሳ አንድ ላይ የሚቆሙበትን ዓመት መምረጥ ነው ሥራው። እኔ በበኩሌ ከ1960ዎቹ መጨረሻ እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ ያለውን ጊዜ እደግፋለሁ፤ ነገር ግን ውሳኔው የጉባኤው ነው።

ከመስመራችን ውጭ የሚሠሩ አባላትም አሉን፤ እነሱንም እኩል እንወዳቸዋለን። አንዱ የምፅዋ–አሥመራን የተራራ መስመር ይዟል። የዚያ ስፋት 950 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ሌላ ራስ ምታት አለው። ሌላዋ ደግሞ የአዲስ አበባ ቀላል ባቡርን፣ ሁለቱ መስመሮች አንድ ሐዲድ የሚጋሩበትን የመስቀል አደባባይ ጎን፣ ከነድልድዩ ጀምራለች። እሷ ዕድለኛ ናት። ቀላል ባቡሩ 1,435 ሚሊ ሜትር ስለሆነ የተለመደው የኤች ኦ ሐዲድ፣ 16.5 ሚሊ ሜትሩ፣ ልክ ይሆንላታል።

ስለ ኤሌክትሪኩ ብዙ አልልም፤ ነገ ጠዋት የራሱ ክፍለ ጊዜ አለው። ሁለት ነገር ብቻ። ሐዲድ ከሐዲድ የሚያያይዘውን ማጣመሪያ ለኤሌክትሪክ አትመኑት፤ ለእያንዳንዱ ቁራጭ ሐዲድ ከሥር የራሱን ሽቦ በይዱለት። ደግሞ መብራት ሲጠፋ ባቡሩ እንዳይቆም ብሎ በባትሪ የሚነዳ ሎኮሞቲቭ የሞከረ አባል አለን። ባትሪው ከኋላ በሚጎተተው ፉርጎ ውስጥ ተደብቋል፤ ትእዛዙ በሬዲዮ ይመጣል። ለአገራችን ሁኔታ ብዙ ተስፋ የሚሰጥ ነገር ነው። ጊዜ ሰጥታችሁ ጠይቁት።

አሁን ወደ አንድ ቁም ነገር ልመለስ። በ1935 ሚልዋኪ ላይ የአሜሪካኖቹ ብሔራዊ የሞዴል ባቡር ማኅበር ሲቋቋም ትልቁ ችግር የመግባባት ነበር። የአንዱ ፋብሪካ ፉርጎ በሌላው ሐዲድ ላይ በደንብ አይሄድም ነበር። ማኅበሩ ልኬት ጻፈ፤ ፋብሪካዎቹም እየተከተሉት መጡ። እኛም ያንኑ ያህል ያስፈልገናል። ዛሬ የሚጸድቀው ረቂቅ አንድ ገጽ ብቻ ነው። ሐዲዱ ከወለል 1 ሜትር ከፍ ይላል፤ ይሄ ልጆችም እንዲያዩ ነው። ጫፉ የሚሠራው በ12 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ነው። ሐዲዱ ጫፉ ላይ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ነው የሚወጣው። በሁለት ሞጁል መካከል ሁለት ብሎን። የቀረውን እንደ ልባችሁ ሥሩት። ሐረር ተቀምጦ የሠራና ስቶክሆልም ተቀምጦ የሠራ ሰው አዳራሽ ውስጥ ሲገናኙ፣ ባቡሩ ከአንዱ ወደ ሌላው ሳይዘል እንዲያልፍ ይሄ ይበቃል።

አባቶቻችን፣ መጨረሻ የማወራው ከእናንተ ጋር ነው። ጥቁርና ነጭ ፎቶ ቀለም አይነግረንም። የፉርጎው ቀይ ምን ዓይነት ቀይ እንደነበር፣ የሦስተኛው ማዕረግ ወንበር ከምን እንደተሠራ፣ ባቡሩ አዋሽ ላይ ስንት ደቂቃ እንደሚቆም፣ ጫት የሚጫነው የትኛው ፉርጎ ላይ እንደነበር የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ወጣቶቹ ደብተር ይዘው ይመጣሉ። ታሪኩን ብቻ አትንገሯቸው፤ ሞዴሉን እያያችሁ «ይሄ እዚህ አልነበረም» በሏቸው። ቅር አይላቸውም። ለዚሁ ነው የጠሯችሁ።

እያንዳንዱ ጠረጴዛ ላይ ባዶ ካርድና እስክሪብቶ ተቀምጧል። ያያችሁትን ስሕተት፣ የምታውቁትን ልኬት፣ ቤታችሁ ያለውን ፎቶ ጻፉበት። ካርዶቹን ማታ ሰብስበን ለየቡድኑ እናድላለን። የመጀመሪያው ገለጻ የድሬዳዋ ቡድን ነው፤ በግራ በኩል ባለው አዳራሽ ከሻይ በፊት ይጀምራል። የልኬቱ ረቂቅ ምሳ ሳንወጣ ድምፅ ይሰጥበታል። ጉባኤው መከፈቱን በደስታ አበሥራለሁ።