ምክንያት፦ ተብዬ

እሺ፣ መቅጃው በርቷል። ዛሬ ስለ ኪቦርድ ነበር ላወራ ያሰብኩት፤ ቃልም ገብቼላችሁ ነበር። ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ለሌላ ጊዜ ይሁን። የእትዬ ነገር ሰሞኑን እንቅልፍ ነስቶኛል።

እትዬን፣ እኚያን ሁሉን ነገር ደብተር ላይ የሚጽፉትን የሂሳብ ሰው፣ መቼም ታውቋቸዋላችሁ። ደብተራቸውንም ጭምር። ላፕቶፓቸው ላይ በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ የሚባለውን ነጻ ሲስተም እንደጫንን የዛሬ ወር ገደማ ነግሬያችኋለሁ። ብዙዎቻችሁም ደስ ብሏችሁ ጻፋችሁልኝ። የነገርኳችሁ ግን ደስ የሚለውን ብቻ ነበር። ሌላው ያን ጊዜ ለእኔም አልታየኝም።

ዊንዶውስ 10 ላይ ነበሩ። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 መደበኛ ድጋፉ አበቃ። ወደ 11 እንዳይሄዱ ደግሞ ማሽኑ ቲፒኤም 2.0 የሚባለው የደህንነት ቺፕ የለውም። ግን ጤነኛ ማሽን ነው። ኤስኤስዲ አለው፣ 8 ጊጋ ራም አለው፣ ባትሪውም ገና ነው። "ታዲያ ልጥለው ነው?" አሉኝ። ኧረ በፍጹም አልኳቸው። ከሊኑክስ ዓይነቶች ኡቡንቱ 24.04ን መረጥን። ኤልቲኤስ፣ ማለትም የረጅም ጊዜ ድጋፍ ያለው፣ ስለሆነ እስከ 2029 ድረስ ዝማኔ ያገኛል። እሳቸውን የገዛቸው ይሄ ነበር። ቀን ያለው ነገር ይወዳሉ።

የመጫኛውን ፋይል ካወረድን በኋላ ልክ መሆኑን ማረጋገጥ ነበረብን። ያቺ ሻ 256 የምትባለው፣ እንደ ፋይሉ የጣት አሻራ የሆነች መስመር አለች አይደል? 64 ፊደልና ቁጥር። ከድረ ገጹ የተጻፈውን ከእኛ ፋይል ከወጣው ጋር ታስተያያላችሁ። እኔ ሁልጊዜ መጀመሪያዋንና መጨረሻዋን አይቼ አልፋለሁ። እሳቸው መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው፣ "መሃሉስ?" አሉኝ።

መሃሉስ! እኔ እያነበብኩ፣ እሳቸው በማስመሪያ እየተከተሉ፣ 64ቱንም አስተያየን። ደግሞ ልክ ናቸው። ፋይሉ ሲወርድ ተበላሽቶ እንደሆነ ለማወቅ ዳርና ዳሩ ይበቃል። አንዲት ቢት ብትቀየር መስመሩ ሁሉ ይለወጣልና። ሆን ብሎ የተንኮል ፋይል ያዘጋጀ ሰው ግን ጥቂት ፊደሎችን ማመሳሰል ይችላል። ይሄን እኔ ሳልነግራቸው ነው በልማድ የደረሱበት። ዕድሜ ልካቸውን ሂሳብ ሲያመሳክሩ የኖሩ ሰው ናቸው።

ከዚያ መጫኛውን ቀይዋ ፍላሽ ላይ አደረግነው። አዎ፣ ያቺው። አሁንም ትሠራለች።

ፎቶዎቻቸውንና የሂሳብ ፋይሎቻቸውን አስቀድመን ወደ ውጫዊ ዲስክ ገልብጠናል። ከዚያ ከፍላሹ አስነሳነው፣ "ይሞክሩ" የሚለውን መረጥን። እስኪጭኑት ድረስ የላፕቶፑን ዲስክ ስለማይነካ ያለ ፍርሃት መነካካት ይቻላል። እኔ ወንበሬን ወደ ኋላ ስቤ ተቀመጥኩ፤ እሳቸው ናቸው የነኩት። ድምፅ አለ? አለ። ካሜራ? ካሜራው ሲከፈት ራሳቸውን አይተው ጸጉራቸውን አስተካከሉ። ማይክ? ቀድተው ሰሙት። የስክሪኑ ብርሃን ይጨምራል፣ ይቀንሳል? ክዳኑ ተዘግቶ ሲከፈት ይነቃል? እያንዳንዱን ደብተራቸው ላይ ጽፈው የእርማት ምልክት አደረጉበት። ሦስት ዓምድ አስምረዋል። ቀን፣ የተሠራው፣ ምክንያት። ከክዳኑ ጎን "ቶሎ ቶሎ ስለምዘጋው" ብለው ጻፉ። እንደዚያ ቀን የተደሰትኩበትን ጊዜ አላስታውስም። ስለ ኮምፒውተር ማለቴ ነው። ሰው ማሽኑን እንደ ራሱ ንብረት ሲፈትሸው ማየት... ምን ልበላችሁ፣ ደስ ይላል።

አንድ ጥያቄም ጠይቀውኝ ነበር። "ነጻ ከሆነ ማን ነው የሚፈርምበት?" አሉ። ስለ ሊነስ ቶርቫልድስ ነገርኳቸው። እ.ኤ.አ. በ1991 ሄልሲንኪ ውስጥ ተማሪ እያለ እንደጀመረው፣ በ1992 ማንም ወስዶ እንዲያሻሽለው በሚፈቅደው ጂፒኤል በሚባለው ፈቃድ ስር እንዳደረገው፣ ከርነሉን፣ ማለትም የሲስተሙን ልብ፣ አሁን በየአገሩ ያሉ ሰዎች እንደሚጽፉት። እሱን ሁሉ በትዕግሥት አስረዳሁ። ጊዜ ነበረኝ ማለት ነው። ይሄን ልብ በሉልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ዋይፋዩ ግን አልታየም። የአንዳንድ ቺፖች ድራይቨር፣ ማለትም ቺፑን የሚያሠራው ፕሮግራም፣ ክፍት ስላልሆነ ለብቻው መጫን አለበት። ችግሩ ገና ከፍላሹ ስናስነሳው ታይቶናል፣ አውቀን ነው የገባንበት። ተጭኖ ካለቀ በኋላ ስልኬን በገመድ ሰክቼ ኢንተርኔት ሰጠሁት። የስልኬ ባትሪ 9 በመቶ ነበር። ቻርጀር አልያዝኩም። መሽቷል።

እዚህ ጋ ነው።

ተርሚናል፣ ያንን ትዕዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበትን መስኮት፣ ከፈትኩ። ከፈትኩ አልኩ አይደል? እሳቸው አይደሉም፣ እኔ ነኝ። ላፕቶፑን ወደ እኔ ጎትቼ ከፈትኩና መልሼ ገፋሁላቸው። "ይሄን ይጻፉ" አልኳቸው። ሱዶ፣ አፕት፣ አፕዴት። አንድ በአንድ፣ ፊደል እየፈለጉ ጻፉ። ኢንተርን ተጫኑ። የይለፍ ቃል ጠየቀ። መጻፍ ጀመሩና እጃቸውን ድንገት አነሱ። "አይጽፍም" አሉ። ይጽፋል፣ አይታይም ነው እንጂ፤ ከኋላዎ የቆመ ሰው ርዝመቱን እንኳ እንዳያውቅ ነው አልኳቸው። ይሄ በጣም ደስ አላቸው። ፈገግ ብለው ቀጠሉ። ከዚያ ኢንተርን ሳይጫኑ ጣታቸውን አየር ላይ ያዙት።

"ልጄ፣ ይሄ የይለፍ ቃል ማለት እንግዲህ ፊርማዬ ነው አይደል?"

አዎ አልኳቸው።

"እንግዲያው ይሄ የጻፍኩት ምን ያደርጋል? እኔ ያልገባኝ ወረቀት ላይ ፈርሜ አላውቅም።"

እኔም ስልኬን አየሁ። 8 በመቶ። "ዝም ብለው ይጻፉት፣ እትዬ" አልኳቸው።

ዝም ብለው ይጻፉት።

ድምፄ ክፉ አልነበረም። እንዲያውም ፍቅር ያለበት ድምፅ ነው፤ ራሴን እሰማዋለሁ። ታዲያ እሳቸው አልተቆጡም፣ አልተከራከሩም። ኢንተርን ተጫኑ። መስመሮቹ ሲወርዱ ሁለታችንም ዝም ብለን አየን። ከዚያ ደብተራቸውን ሳብ አድርገው የሆነ ነገር ጻፉ። እኔ አላየሁም። ድራይቨሩ ላይ ነበርኩ።

ያ መልስ ስንት ሰከንድ ይፈጅ ነበር? ሰሞኑን ሰዓት ይዤ ሞክሬዋለሁ። እሺ፣ እዚሁ ልሞክረው። "እትዬ፣ ሱዶ ማለት የቀጣዩን ትዕዛዝ በዋናው ኃላፊ ሥልጣን ፈጽም ማለት ነው። አፕት የዕቃ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ ነው። አፕዴት ደግሞ ምን አዲስ ዕቃ እንዳለ ዝርዝሩን አድስ ማለት ነው። ምንም አይጭንም፣ ዝርዝር ብቻ ነው የሚያመጣው። መጫኛው አፕግሬድ የሚባለው ነው።" በቃ። 20 ሰከንድ ገደማ። ባትሪው ከዚህ በላይ ነበረው።

ደግሞ የሚያንገበግበኝ... ስለ ፊርማ ነው የጠየቁት! አፕት እኮ ራሱ ፊርማ ያረጋግጣል። ዝርዝሩ ሲመጣ በዲጂታል ቁልፍ የተፈረመ ነው፤ ፊርማው ካልገጠመ አይቀበልም። እሳቸው በኖሩበት ቋንቋ ሊነገር የሚችል ነገር ነበር። ቀደም ብለው ማን ነው የሚፈርምበት ያሉኝም ይሄንኑ ነበር። እኔ የሄልሲንኪን ታሪክ ነገርኳቸው።

ያን ቀን ሁሉም ነገር ሠራ። ድራይቨሩ ከተጫነ በኋላ ሲነሳ ሰማያዊ ስክሪን ይመጣል፣ ሴኪዩር ቡት የሚባለው፣ ያልተፈረመ ነገር እንዳይነሳ የሚከለክለው ጥበቃ ለበራበት ማሽን፤ አስቀድሜ ስለነገርኳቸው አልደነገጡም። የኪቦርድ ቁልፍ ለመንካት የሚሰጠው 10 ሰከንድ ብቻ ነው፤ ዝም ብሎ ያየ ሰው ያልፈዋል። እሳቸው በ3ኛው ሰከንድ ተጫኑ። ዋይፋይ መጣ። ተሳሳምን።

ሁለት ሳምንት ቆይቶ ደወሉ። "ሱዶ የሚባለው ሰውዬ እምቢ አለኝ" አሉ።

ከውጫዊ ዲስኩ ላይ አንድ ፎልደር አልከፈት ብሏቸው ነው። ፈቃድ የለዎትም ይላል። ፈልገው የሆነ ቦታ ትዕዛዝ አገኙ። ሱዶ፣ ችሞድ፣ ሰረዝ ትልቁ አር፣ 777። ይሄ ለማንም ሰው ሁሉንም ፈቃድ ስጥ ማለት ነው፣ ውስጥ ያለውን ሁሉ ጨምሮ። መጨረሻው ላይ የፎልደሩ መንገድ መምጣት ነበረበት። እሳቸው የጻፉት ግን ስላሽ ብቻ ነበር። ሊኑክስ ላይ ደግሞ ስላሽ ብቻውን የሥሩ ስም ነው። ሁሉም ነገር የተንጠለጠለበት ግንድ። እባካችሁ ማንም እንዳይሞክረው። ሱዶ ራሱ በአንድ ልዩ የፈቃድ ምልክት ነው የሚሠራው፤ ትዕዛዙ ያንን ምልክት ገፈፈው። ከዚያ በኋላ ሱዶን በሱዶ መጠገን አይቻልም።

ፋይላቸው አልጠፋም። በቀይዋ ፍላሽ አስነስቼ ሁሉንም አወጣሁ። ሲስተሙን ግን እንደገና ከመጫን ሌላ የሚያዋጣ መንገድ አልታየኝም። ታይምሺፍት የሚባለውን፣ የሲስተሙን ቅጂ የሚያስቀምጠውን ፕሮግራም ተክዬ ቢሆን ኖሮ ወደ ቀድሞው መመለስ ይቻል ነበር። እሱንም "ሌላ ቀን" ብዬ ነበር። አሁን ተክለነዋል። ይሄኛው ያን ያህል አያስጨንቀኝም፣ ትምህርት ነው፣ አለፈ።

እኔን የያዘኝ ሌላ ነው። እንደገና ስንጭን፣ ያው ቦታ ደረስን። ሱዶ፣ አፕት፣ አፕዴት። ጻፉ። የይለፍ ቃል። ጻፉ። ኢንተር። ጣታቸው አየር ላይ አልቆመም። ቀና ብለው አዩኝና "ቀጥሎ?" አሉኝ።

ቀጥሎ።

በዚህ ጊዜ ላስረዳ ተዘጋጅቼ ነበር የሄድኩት። ግምጃ ቤቱን፣ ዝርዝሩን፣ ፊርማውን። ጥያቄው አልመጣም። ቡና ሊያፈሉ... ማለቴ፣ ተነስተው ወጣ ሲሉ ደብተሩ ክፍት ነበር። አየሁት። ማየት አልነበረብኝም ይሆናል። የመጀመሪያው ቀን ገጽ ነው። ከካሜራው ጎን፣ "ከልጄ ጋር ለመተያየት"። ከክዳኑ ጎን ያው የነገርኳችሁ። ከሱዶ አፕት አፕዴት ጎን፣ በዚያ ባማረ ጽሕፈታቸው፣ "ተብዬ"።

ገጹን ገለበጥኩት። ሁለት ሳምንት ቆይቶ፣ ከ777 ጎን፣ "ተብዬ"።

...

አንዳንዶቻችሁ የምትሉትን አውቃለሁ። ለጀማሪ ተርሚናል አይከፈትም፣ ሁሉም በመስኮት ይሠራ። እውነት አለው። ተጨማሪ ድራይቨሮች የሚለው መስኮት እዚያው ነበር፤ እኔ ስለለመድኩት ነው ተርሚናል የከፈትኩት። ግን እሱ ነው ወይ ጥፋቱ? መስኮት ላይም ቢሆን "ዝም ብለው ይጫኑት" ይባላል። እንዲያውም ተርሚናል ለእሳቸው ሳይሻል አይቀርም፤ የተጻፈ ነገር ነው፣ ደብተር ላይ ይሰፍራል፣ ይመሳከራል። እንጃ። ይሄን ሐሳብ ጀምሬ ሦስቴ ተውኩት፤ አሁንም ልተወው።

ምናልባት አጋንኜው ይሆናል። ሰው የሚረዳውን ሰው ያምናል፣ ማመን ደግሞ ክፉ ነገር አይደለም። ምናልባት በሁለተኛው ቀን ደክሟቸው ነበር። ግን እኮ 64 ፊደል በማስመሪያ ያስተያዩ ሰው ናቸው። መሃሉስ ያሉኝ ሰው።

ቅዳሜ እሄዳለሁ። ዝማኔውን አብረን እናያለን፣ ታይምሺፍት በትክክል ማስቀመጡንም እንፈትሻለን። ያንን መስመር እንዲያርሙት ልጠይቃቸው እያሰብኩ ነበር። የሂሳብ ሰው አይፍቅም፣ ታውቃላችሁ? አንድ መስመር ይሰርዝበታል፣ ከላይ ትክክለኛውን ይጽፋል፣ ጎኑ ላይ ይፈርማል። "ተብዬ" የሚለውን ሰርዘው፣ ከላይ "ዝርዝሩን ለማደስ" ብለው...

ቆይ። እሱንም እኮ ጻፉ ብዬ ነው የሚጽፉት።

አይ፣ እንጃ። እኔ የምፈልገው ጣታቸው አየር ላይ እንዲቆም ነው። እሱን ደግሞ እንዴት አድርገህ... ምን ብለህ ትጠይቃለህ?

እስቲ ቅዳሜ ይድረስ።