ምርመራው «ንጹሕ ነው» የሚለው የሽንት ፊኛ ሕመም፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ባለፈው ዝግጅታችን በስልክ ከደረሱን ጥያቄዎች ሦስቱን መርጠናል። መልስ የሰጡት የሽንት ሥርዓት ስፔሻሊስት ሐኪም ናቸው።

ጥያቄ (ከአዳማ የደወሉ እናት)፦ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ሽንቴ በየግማሽ ሰዓቱ ይመጣል፤ ሲጠራቀም ከእምብርቴ በታች ያመኛል፣ ስሸና ጋብ ይልልኛል። አምስት ጊዜ አንቲባዮቲክ ወስጃለሁ፤ የመጨረሻዎቹ ሦስት ምርመራዎች ግን «ንጹሕ ነው» ተባሉ። ጎረቤቶቼ ብርድ ነው ይሉኛል፤ ባለቤቴ ደግሞ አፍ አውጥቶ ባይናገርም ሌላ ነገር የጠረጠረ ይመስለኛል።

መልስ፦ እኅቴ፣ በስልክ የሰማሁትን ብቻ ይዤ የሕመምዎን ስም መወሰን አልችልም። ሆኖም ፊኛዎ ሲሞላ የሚያምዎት፣ ሲሸኑ ደግሞ ጋብ የሚልልዎት መሆኑ ትኩረቴን ስቦታል፤ የተለመደው ኢንፌክሽን ይበልጥ የሚያቃጥለው በሚሸኑበት ጊዜ ነውና። እንዲህ ያለው ሕመም ከ6 ሳምንት በላይ ከቆየና በሽንት ካልቸር (ጀርሙን በላቦራቶሪ አብቅሎ በሚያሳየው ምርመራ) ጀርም ካልተገኘ፣ ኢንተርስቲሺያል ሲስታይትስ ወይም የፊኛ ሕመም ሲንድረም የምንለውን ማሰብ ይኖርብናል።

ችግሩ ይህን በሽታ ለብቻው የሚያረጋግጥ የደምም ሆነ የሽንት ምርመራ አለመኖሩ ነው። አሜሪካዊው ሐኪም ጋይ ሀነር በ1915 እ.ኤ.አ. የገለጸው የፊኛ ቁስል በሲስቶስኮፒ (ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ ፊኛን ከውስጥ በማየት) ከታየ ነገሩ ይቀላል፤ ቁስሉ የሚገኘው ግን በጥቂቶቹ ሕሙማን ላይ ብቻ ስለሆነ፣ ብዙዎቹ «ምንም የለብሽም» ተብለው ይመለሳሉ። እኔ በበኩሌ ይህችን ቃል ከሐኪም አፍ መስማት አልወድም። ስለዚህ ያለን መንገድ ሌሎቹን በሽታዎች አንድ በአንድ እያጣሩ መሄድ ነው፦ የፊኛ ጠጠር፣ ኢንዶሜትሪዮሲስ (የማሕፀንን ውስጠኛ ሽፋን የሚመስል ሥጋ ከማሕፀን ውጭ ሲበቅል)፣ በተራ ካልቸር የማይበቅለው የሽንት ሥርዓት ቲቢ፣ እንዲሁም በመካከለኛው ወይም በታችኛው አዋሽ ኖረው ውኃው ውስጥ ገብተው የሚያውቁ ከሆነ ቢልሃርዚያ። ሽንትዎ ደም ከቀላቀለ ደግሞ፣ ባያምዎትም እንኳ፣ ካንሰር አለመሆኑ መታየት አለበት።

ካልቸሩ ጀርም ሳያሳይ ስድስተኛ ዙር አንቲባዮቲክ እንዳይጀምሩ። ወደ ሐኪም ከመሄድዎ በፊት ለሦስት ቀን የሸኑበትን ሰዓትና፣ ልኬት ባለው ዕቃ እየለኩ፣ መጠኑን ይጻፉ፤ ከብዙ ቃል ይልቅ ያ ወረቀት ይረዳናል። ብርድ የሚሉዎት ጎረቤቶችዎ ክፋት የላቸውም፤ የበሽታው መነሻ ግን ብርድ አይደለም። ባለቤትዎን በሚመለከት፣ የፊኛ ሕመም ሲንድረም ጨብጥም ሆነ ሌላ ተላላፊ በሽታ አይደለም። አብረው ወደ ሐኪሙ ቢገቡና ይህንኑ በጆሯቸው ቢሰሙ፣ በቤት ውስጥ ያለው ዝምታ የሚቀልል ይመስለኛል።

ሕክምናውን በተመለከተ አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። ሐኪምዎ አሚትሪፕቲሊን በማታ በጥቂቱ፣ ለምሳሌ በ10 ሚሊ ግራም፣ ሊያስጀምርዎት ይችላል። «ለአእምሮ ሕመም የሚሰጥ ነው» ብሎ የሚነግርዎት ሰው ካለ አይደናገጡ፤ በዚህ መጠን የሚታዘዘው የነርቭ ሕመምን ስለሚያረግብ ነው። ፊኛንና ማሕፀንን ከሥር የሚደግፉት የዳሌ ወለል ጡንቻዎችዎ የተወጠሩ ከሆነም፣ እነሱን የሚያላላ ፊዚዮቴራፒ ይጠቅምዎታል፤ ለወለዱ እናቶች የሚመከረው ጡንቻውን የመጭመቅ ልምምድ ግን ሊያብስብዎት ይችላል።

ጥያቄ (ከሜሪላንድ የደወሉ አባት)፦ ለዚሁ በሽታ ኤልሚሮን የሚባለውን ካፕሱል ለስድስት ዓመት ወስጃለሁ። ዓይን ይጎዳል ሲባል ሰማሁ፤ እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው። መድኃኒቱ በአሜሪካ የተፈቀደው በ1996 ሲሆን፣ ለረጅም ጊዜ በወሰዱ ሰዎች ላይ የዓይን ሬቲናን (ብርሃን የሚቀበለውን የዓይን የኋላ ሽፋን) የሚጎዳ ለውጥ በመታየቱ ከ2020 ጀምሮ ማስጠንቀቂያው በመረጃ ወረቀቱ ላይ ተካቷል። ማንበብ ካስቸገረዎት፣ ወይም ከብርሃን ወደ ደብዛዛ ክፍል ሲገቡ ዓይንዎ ቶሎ ካልለመደ፣ ሳይውሉ ሳያድሩ ለሐኪምዎ ይንገሩ። ምልክት ባይኖርዎትም ሬቲናዎ በየጊዜው መታየት አለበት።

ጥያቄ (ከሐዋሳ የደወለች ወጣት)፦ ቡና ተዪ፣ በርበሬ ተዪ ተባልኩ። ታዲያ ምን ልበላ? ጾሙስ?

መልስ፦ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ለዘለዓለም መተው አያስፈልግሽም። የሁሉም ሰው ፊኛ አንድ ዓይነት አይደለም፤ አንዷን በረካ ድረስ ጠጥታ ምንም የማይላት ሲሆን፣ ሌላዋን አንድ ስኒ አቦል ሌሊቱን ሙሉ ያመላልሳታል። ቡናን፣ በርበሬን፣ ቲማቲምን፣ ሎሚንና ለስላሳ መጠጦችን ለጥቂት ሳምንታት ተዪአቸው፤ ከዚያ በየጥቂት ቀኑ አንድ አንድ እየመለስሽ የትኛው እንደሚቀሰቅስብሽ መዝግቢ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያለ ውኃ መዋል ሽንትን አወፍሮ ፊኛን ሊያስቆጣ ይችላል። ሽንት እንዳይበዛብኝ ብሎ ውኃ መቀነስም እንደዚሁ ነው፤ ብዙ ታካሚዎቼ በተለይ ረጅም መንገድ በአውቶቡስ ሲሄዱ ይህን ያደርጋሉ። ጾሙን በሚመለከት የሐኪም ማስረጃሽን ይዘሽ የንስሐ አባትሽን አማክሪ፤ ለታመመ ሰው ምን እንደሚፈቀድ የሚነግሩሽ እሳቸው ናቸው።